ዓሣ የተሳለበት ጠርሙስ

ደለል አፍ ላይ ኢንሳፍ የማታነበው ነገር የለም። የእርዳታ ዱቄት ጆንያ፣ የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ የጋዜጣ ብጫቂ ሳይቀር ዓይኗ ካረፈበት ሳይነበብ አያልፍም። ትምህርት ቤት የሄደችው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሷ ለራሷ አስተማረች። እንግሊዝኛውንም ቢሆን እንደ ደረቅ ቆሎ አንድ በአንድ እየቆረጠመች ትውጠዋለች። የተፈናቃይ መጠለያው ሴቶች ለልጃቸው ሽሮፕ ሲታዘዝ ጤና ጣቢያ የነገራቸውን መንገድ ላይ ረስተው እሷ ዘንድ ይመጣሉ። «ስንት ማንኪያ ነው የሚለው፣ እቴ ኢንሳፍ?» ትነግራቸዋለች። ዝም ብላም አትነግር፤ «ባልሽ ስሙን መጻፍ ቢችል ኖሮ እኔ ዘንድ ባልተመላለስሽ» የምትል ምራቂ ጨምራ ነው። ይስቃሉ። ምላሷን የሚችሉት ስለምታስፈልጋቸው ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ቢኖር «አላውቅም» ነው።

ወደዚህ ከመጡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። አባቶቻቸውን የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከዚሁ ከአምባሰልና ከሐይቅ ዙሪያ አንሥቶ ወለጋ አሰፈራቸው፤ ልጆቹን የሰው ክፋት ከወለጋ ነቅሎ ወሎ መለሳቸው። እዚያ «ወሎዬዎቹ» ይባሉ ነበር፤ እዚህ «ከወለጋ የመጡት» ተባሉ። ነዋሪ ሆነው ስላልተመዘገቡ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አይቀበላቸውም። ጀልባውም የሐይቁ መኻልም የማኅበሩ ነው። ለእነሱ የተተወላቸው ደለል አፍ ብቻ ነው፤ ወንዙ ጭቃውን ተሸክሞ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የሚተፋበት፣ ውኃው ከጉልበት የማያልፍ፣ ከአምባዛ በቀር ደህና ዓሣ የማይደፍረው ጥግ። ጢማሙ አምባዛ ግን ጭቃ ይወዳል። ይወፍርበታልም።

ከወንዙ በላይ ያለው ዳገት የሽንኩርትና የጫት ማሳ ነው። የኢንሳፍ ወንድም ሙዓዝ በሳምንት ሁለት ቀን መርጫ በጀርባው አዝሎ እዚያ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ሲጨርስ መርጫውን ወንዙ ውስጥ አለቅልቆ ለባለማሳው ይመልሳል። በቀሩት ቀናት መረብ ይጥላል። ከሚያጠምደው ውስጥ ሥጋው ተገፍፎ ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠብሳ ለምትሸጠው ለእትዬ ሠርክአዲስ ይሄዳል። ጭንቅላቱ፣ ጉበቱና ከሆዱ የሚወጣው ቢጫ ስብ ለቤት ይቀራል። «እሱንስ ለድመት ስጡት» ትላለች እትዬ ሠርክአዲስ፣ አፍንጫዋን ይዛ።

ኢንሳፍ ግን አንድ ቀን ከጋዜጣ ብጫቂ ላይ የዓሣ ቅባት ለፅንስ አእምሮ እንደሚበጅ አነበበች። ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀድዷል። የምን ዓሣ፣ ከየት ውኃ የወጣ ዓሣ የሚለው፣ የሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሌላ ቤት ገብቶ ይሆናል። ለኢንሳፍ ግን ያገኘችው በቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ በመጠለያው ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች ጉበቱና ስቡ የእሷ ነው ብላ ሥርዓት አወጣች። ሴቶቹም ሥርዓቱን እንደ አባት ወግ ያዙት።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ውኃው የክረምቱን ጎርፍ ገና ሳያጠልል፣ ሐቢብ መጣ። ሐቢብ ግንቦት ላይ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ከአምባዛው ቆራርጦ በበረዶ ሣጥን ይዞ የሄደው ባለመነጽር ወጣት ነው። ኢንሳፍ ዳር ላይ ተቀምጣ የመረብ ቀዳዳ ስትቋጥር አገኛት።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ውጤቱ ወጥቷል።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። እኛ እኮ ዓሣው ፈተና መቀመጡንም ረስተነዋል። አለፈ ወይስ ወደቀ?»

ሐቢብ አልሳቀም። ያኔ ነው እጇ መረቡ ላይ ቀጥ ያለው።

ቃል እየመረጠ ነገራት። ዝናብ ከማሳው የሚያጥበው ፀረ ተባይ ከደለሉ ጋር ወርዶ እዚህ ጥግ ይተኛል። ጭቃውን ትሉ ይበላዋል፤ ትሉን አምባዛው ይበላዋል፤ በአምባዛው ስብና ጉበት ውስጥ ዓመት ከዓመት ይጠራቀማል። ትልልቁና አሮጌው ይብሳል። ቢቀቀል አይጠፋም፤ ቢጠበስም አይጠፋም።

«የበላው ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ክፋቱም እሱ ነው» አለ። «በሰውም ገላ ውስጥ እንዲሁ ይቀመጣል። እናት ስታረግዝ ለፅንሱ፣ ስትወልድ ደግሞ በጡቷ ለልጁ ታሳልፈዋለች። የመኻል ሐይቁ ዓሣ ደህና ነው። እዚህም ቢሆን ትንንሹ ቆሮሶ ብዙ የለበትም። አምባዛው ነው። በተለይ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ጉበቱንና ስቡን እንዳይነኩ።»

«ታዲያ ምን ይብሉ?»

«እንቁላል… ወተት… ጥራጥሬ…»

«ማሩን ረሳኸው» አለች ኢንሳፍ። «ጠቦትም ጨምርበት። ዱቄት ካየን አርባ ቀናችን ነው፤ አንተ ወተት ትቀዳልኛለህ። ወዲያ ፈቅ ብለን እንዳንጥል ማኅበሩ መረባችንን ይቆርጠዋል። ወደመጣንበት እንዳንመለስ የመጣንበትን ታውቀዋለህ። ወዴት እንሂድ? በመነጽርህ ከታየህ እስቲ በጣትህ ጠቁመኝ።»

 ንዴቷ በረድ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንዲት ሴት አምና በሰባት ወሯ ልጅዋ ሞቶ ቢወለድ፣ ከዚህ የተነሣ ነው?»

«አላውቅም» አለ።

በቃ እንዲህ በቀላሉ። ያን ሁሉ የተማረ ሰው፣ ቃሉ ጉሮሮውን ሳይፍቀው። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አላውቅም።»

ሊሄድ ሲነሣ በመረቡ ጠርዝ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩትን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አየ። መረቡ እንዳይሰምጥ የሚያንሳፍፉት እነሱ ናቸው። አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አገላበጠው።

«ይኼን ማን ነው መረብ ላይ የሰካው?»

በጠርሙሱ ጎን፣ በቀይ መስመር በታጠረ ሥዕል ውስጥ፣ የደረቀ ዛፍና ሆዱን ወደ ሰማይ የሰጠ ዓሣ ነበረበት።

«ከማሳው የሚለቀም ባዶ ዕቃ ነው» አለች።

«ይህ ሥዕል እኮ መድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ከገባ ያለውን ሁሉ ይገድላል ማለት ነው። ታጥቦም ቢሆን ወደ ሐይቅ አይገባም።»

 የኢንሳፍ ሐሳብ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ሙዓዝ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከማሳው ይዞ የመጣ ዕለት፣ በሴቶቹ ፊት «ይኼ ዓሣ ምን ሊያደርግ ተሣለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አላወቀችውም። ጽሑፉ በፀሐይና በላብ ተልጧል፤ የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሴቶቹ ቆመው አፍ አፏን ያያሉ። «ዓይንህ አይሠራም?» አለችው፤ «ዓሣ ተሥሎበታል፤ ለውኃ ሥራ የተበጀ ነው። ስካው።» ሙዓዝ ሰካ። መጠለያው በሙሉ እሱን አይቶ ሰካ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ መስጠቱን ያኔም አይታዋለች፤ የሠዓሊው ስንፍና ነው ብላ አለፈችው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ይህንን ተረት በስንቱ ሰው ላይ ተርታዋለች።

ቤት ስትገባ የሙዓዝ ሚስት ዑምኩልሱም በሸራው ጥላ እግሯን ዘርግታ ሆዷን ትደባብሳለች። ወሯ ገብቷል።

«ነገ ከዙህር በኋላ ነው አሉ እማ ዘይቱና። ዱበርቲዬ እኮ ደረሰ!»

ዱበርቲ ሴቶች ወሯ ለገባ ነፍሰ ጡር ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። እያንዳንዷ ከቤቷ ያላትን ይዛ ትመጣና «ጀባ» ብላ በእጇ ታጎርሳታለች፤ ነፍሰ ጡሯ ስትውጥ ጉርሻው ከነምርቃቱ ገባ ይባላል። እጅ የመለሰች ዱዓ መለሰች። አምና የዑምኩልሱም ልጅ ሞቶ የተወለደው ዱበርቲዋ ሳይደረግላት ነበር። ለዑምኩልሱም ነገሩ ሁሉ ያ ነው፤ ዱዓው ቀደም ብሎ ቢደረስ ልጅዋ ዛሬ እግሯ ሥር ይድህ ነበር። የዘንድሮውን ቀን በጣቷ ስትቆጥር ከረመች።

«ዑምኩ» አለች ኢንሳፍ።

«አቤት የኔ ሐኪም?»

 «ውኃ ጠጪ» ብላ ወጣች።

ሙዓዝ ከሸራው ጀርባ አምባሰል እያንጎራጎረ ቢላዋ ይስላል። ሐቢብ ያለውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ዜማው ቆመ፤ ቢላዋው ግን አልቆመም።

«ለማን ልትናገሪ ነው?»

«ለዑምኩ። ለሁሉም።»

«ተናገሪ። ነገ ሐይቅ ከተማ ይሰማል፤ ከነገ ወዲያ ሠርክአዲስ ትቀራለች፤ በሳልስቱ ማኅበሩ ‹ሐይቃችንን ያሰደባችሁ› ብሎ ከዚህችም ጭቃ ያነሣናል። ማሳው ላይ ደግሞ መርጫውን ማን ነው ያጠበው ሲባል፣ እኔ ነኝ። ሥራዬም ይሄዳል። ከዚያ ለዑምኩልሱም አየር ቀቅለሽ ታበያታለሽ።»

«ልጁስ?»

ቢላዋው አሁን ቆመ።  «አንቺ አይደለሽ ጉበት አብላት ያልሽኝ?» አለ። በቁጣ ቢለው ኖሮ መልስ ባላጣችለት። የተናገረው ግን በልመና ነው።

እትዬ ሠርክአዲስ የመጣችው በዚሁ መኻል ነው፤ ከባጃጅ ላይ ሳትወርድ ትጣራለች።

«እናንተ ሰዎች! የግሸን መንገደኛ እኮ መጉረፍ ጀመረ! በአውቶብስ በአውቶብስ ነው የሚራገፈው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለ፣ ሁሉም ዓሣ ዓሣ ይለኛል። ያላችሁን በሙሉ ግፈፉልኝ፤ ነገ ጧት እመጣለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ኢንሳፍን በዓይኗ ጠራቻት። «ያ የትምህርት ቤት ሰውዬ መጥቶ ነበር አሉ። ምን አለ? ዕወቂ፣ እኔ የመኻል ሐይቅ ዓሣ ነው ብዬ ነው የምሸጥላችሁ። የደለል አፍ ነው ብል የሚገዛኝ ድመት ብቻ ነው።»

ሙዓዝ ከኋላ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማታል።

«ዓሣችሁ ወፍሯል ነው ያለው» አለች ኢንሳፍ።

«እሱንማ እኔም አላጣሁትም!» ብላ ሠርክአዲስ ሳቀች፤ ባጃጁም አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

በማግስቱ እስከ ረፋድ ድረስ መጠለያው በሙሉ አምባዛ ሲገፍፍ ቆየ። ሥጋው በገፍ ሄደ። በዚያው ልክ ጉበቱና ስቡም እንደዚያን ቀን ተርፎ አያውቅም። ከዙህር ሶላት በኋላ ሴቶቹ ወደ ዑምኩልሱም ሸራ ሲገቡ ኢንሳፍ በየእጃቸው ያለውን ሳህን ቆጠረች። ሰባት ሴት፣ ሰባት ሳህን። አንዷ በበርበሬ አሽታዋለች፣ አንዷ ከድንች ጋር ቀቅላዋለች፣ ሌላዋ በጎመን ጠቅልላዋለች፤ ሁሉም ግን ያ ቢጫ ስብና ያ ጥቁር ጉበት ነው። እሷ ባወጣችው ሥርዓት መሠረት።

«ዘንድሮስ አላህ አበዛው!» አሉ እማ ዘይቱና፣ የመጠለያው ታላቅ። ወለጋም ሳሉ ዱበርቲ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። «ይኼ ልጅ ተወልዶ እንደ ኢንሳፍ ጋዜጣ ባያነብ ጥፋቱ የእኛ አይደለም።»

«እንደሷ ምላስ እንዳይኖረው ብቻ ዱዓ አድርጉ!» አለች ራህመት፤ የሦስት ወር ሕፃንዋን ከጡቷ ሳትነቅል። ሳቁ ሸራውን ነቀነቀው። ዑምኩልሱም መኻል ላይ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ ነው።

እማ ዘይቱና መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሴቶቹ አሚን አሉ። ከዚያ አሮጊቷ ከሳህናቸው ጠቅልለው፣ ስቡ በጣታቸው መኻል እየተንጠባጠበ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጀባ!»

ዑምኩልሱም ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ኢንሳፍ የአሮጊቷን አንጓ ያዘች።

ዱበርቲ ላይ እጅ ሲያዝ ያየ ሰው የለም።  ዑምኩልሱም ዓይኗን ገልጣ አፏን መክደን ረሳች።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?» አሉ እማ ዘይቱና። «የዱዓ እጅ ይያዛል?»

«አትብዪው ዑምኩ። እማዬ፣ ይማሩኝ፤ መርዝ አለበት።»

ነገረቻቸው። እንደ ሐቢብ ቃል መምረጥ አልሆነላትም፤ ጭቃውን፣ ትሉን፣ ስቡን፣ ጡቱን እየደራረበች ዘረገፈችው። ስትጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ራህመት ናት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ጉበቱን ለእኛ ያልሽው? በአራስነቴ ‹ብዪ፣ ለልጅሽ ነው› ብለሽ በላዬ ላይ ቆመሽ ያበላሽኝ አንቺ አይደለሽም? ጋዜጣ ላይ አነበብኩ አላልሽም?»

መውጫው እዚያው ነበር። ጋዜጣው ዋሸ ማለት ትችላለች፤ ማን ያመሳክራል? ከእሷ በቀር የሚያነብ የለም።

«ብጫቂ ነበር» አለች። «የቀረውን አላየሁትም። ጠርሙሱንም… ሙዓዝ ሥዕሉን ሲጠይቀኝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው።»

ራህመት ዝቅ ብላ ልጅዋን አየች። ጡቷን ከአፉ ነቀለችው። ልጁ አለቀሰ። በጉልበቷ ላይ አወዛወዘችው፤ አልሰማትም። ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል። ልጁ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አለቀሰ። መልሳ አጎረሰችው። ሌላ ምን ልትሰጠው? ዝም አለ፤ የሚሰማው መምጠጡ ብቻ ሆነ።

«እና ምን እንብላ?» አለች አንዷ ከጥግ። ለነገር አይደለም፤ መልስ ፈልጋ ነው። እንደወትሮው ሁሉም ወደ ኢንሳፍ ዞሩ።

«አላውቅም» አለች ኢንሳፍ።

«ዱዓዬስ?» ዑምኩልሱም ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ዘንድሮም ያለ ዱዓ ልቅር?»

የእማ ዘይቱና እጅ እስካሁን በአየር ላይ ነው። ጉርሻውን አዩት። ከዚያ ኢንሳፍ ልትናገር አፏን ሳትከፍት ወደ ራሳቸው አፍ ወረወሩት፤ አላምጠው ዋጡ።

«እማዬ!»

«ምን ትጮሂያለሽ? ዱዓ የተደረሰበት መሬት አይወድቅም። እኔ መውለድ ካቆምኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ይኼ ነገርሽ በእኔ ገላ ቢቀመጥ ለማን ላሳልፈው? ለምሥጡ?» አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ይልቅ ስሙኝ። ወልዳ የጨረሰች ወደ እኔ ትጠጋ። የወለደችና የምትወልድ ወደዚያ። የዛሬዋ ቆሮሶ የት አለች?»

ሦስት ከመዳፍ የማይበልጡ ቆሮሶዎች ነበሩ፤ ሠርክአዲስ አልፈልግም ብላ የጣለቻቸው። በጨው ብቻ ተቀቅለው መጡ። እማ ዘይቱና እሾኹን በጥፍራቸው ለቅመው፣ ሁሉንም እጃቸውን በውኃ አስታጥበው፣ ዱዓውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ጀባ!» ዑምኩልሱም ዋጠች። ጉርሻዋ ጥፍር የምታክል ናት። ሰባቱም እጅ ከዚያችው ከሦስቷ ቆሮሶ አጎረሳት፤ መጨረሻ ላይ የደረሰችው ራህመት የቀረውን ቆዳ ነው ያገኘችው። ዑምኩልሱም እሱንም ዋጠች፤ እንባዋ እየወረደ፣ አንዱንም እጅ ሳትመልስ።

«ይኼ ወሬ ከዚህ ሸራ አይወጣም» አሉ እማ ዘይቱና። «ሠርክአዲስ ከሰማች ቆሮሶውንም እናጣለን።»

«መንገደኞቹስ እማዬ? እሷ እኮ የመኻል ሐይቅ ነው እያለች…» አለች ኢንሳፍ።

«እነሱ ሥጋውን ነው፣ ያውም አንድ ቀን። እኛ ስቡን፣ ሦስት ዓመት።» እማ ዘይቱና ይህንን ሲሉ ግን ኢንሳፍን አላዩዋትም። «የራሳችንን እንኳ ዳኝተን አልጨረስን።»

ሴቶቹ ተነሥተው ቦታ ተቀያየሩ። አራቱ ባልቴቶች በአንድ ወገን ከነሳህኖቻቸው፤ ዑምኩልሱም፣ ራህመትና የቀሩት ሁለቱ በሌላው ወገን ባዶ እጃቸውን። ኢንሳፍ መኻል ላይ ቆማ ቀረች።

«አንቺስ? ወዲያ እንጂ» አሉ እማ ዘይቱና። «ገና አልወለድሽ። ወይስ ያቺ ምላስሽ በድብቅ ወልዳለች?»

የሳቀችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ቶሎ ተወችው። ኢንሳፍ ወደ ወጣቶቹ ልትሄድ ስትል አሮጊቷ ቀሚሷን ይዘው አስቀሯት።

«ቆይ። ታላቆች በገዛ እጃቸው ሲጎርሱ የት አይተሻል? ዱበርቲ ላይ ታላቅን ታናሽ ናት የምታጎርሰው።»

ታናሽ ኢንሳፍ ነበረች። ተንበረከከች። ከመጀመሪያው ሳህን ትንሽ ቆረሰች፣ ከሥጋው ወገን፣ ስቡን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ።

«ምን ትሰስቻለሽ?» አሉ እማ ዘይቱና። «ነገም ሌላ የለን። ከጉበቱ፣ ሙሉ አድርጊ።»

ከጉበቱ ጠቀለለች። ስቡ ሞቆ በአንጓዋ ወረደ። ኢንሳፍ ልታነበው የማትችለው የአሮጊቷ አፍ ተከፍቶ ይጠብቃታል።

«ጀባ በይ እንጂ» አሏት።

«ጀባ» አለች ኢንሳፍ።

እማ ዘይቱና ዋጡና መዳፋቸውን ወደ ዑምኩልሱም ሆድ ዘረጉ። ረጅም ዱዓ ነበር። ሁሉም በየቦታው አሚን አለ፤ ኢንሳፍም፣ እጇን ወደ ሁለተኛው ሳህን እየሰደደች፣ አሚን አለች።